የቁምሳጥኑ ስቱዲዮ

አዳማ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፤ የሬዲዮ ድራማ አዘጋጁ ናሁሠናይ ክፉዋን አማት ሙላቷን ወደምትጫወተው ወደ እትዬ ትርንጎ ቤት መጥቶ፣ እሷው ቀድታ በስልክ የላከችለትን መልሶ አሰምቷት ገና ማብቃቱ ነው።

ናሁሠናይ፦ እትዬ ትርንጎ፣ ይኼ ጽሑፉ ላይ የለም።

ትርንጎ፦ አለ።

ናሁሠናይ፦ የለም እኮ ነው የምልዎት! ጽሑፉን ያረምኩት እኔ ነኝ።

ትርንጎ፦ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ካልኩት አለ ማለት ነው። አራት ዓመት ሙላቷን ስጫወት ከኪሴ አውጥቼ አንድ ቃል ጨምሬ አውቃለሁ?

ናሁሠናይ፦ ያውቃሉ።

ትርንጎ፦ እሱማ ስድብ ሲያንስ ነዋ። ምርቃት ጨምሬ አውቃለሁ?

ናሁሠናይ፦ እሱን ነው የምጠይቅዎት። «ልጄ ብርቄ፣ አይዞሽ፣ ነገሩን ረጋ ብለሽ እዪው፣ እኔም እናትሽ ነኝ።» ይኼ ከሙላቷ አፍ ይወጣል? ምራቷን በሠርጓ ማግስት አንድ ኬሻ ሽንኩርት ስታስልጣት ከዋለች ሴት?

ትርንጎ፦ እኔስ ያልገረመኝ መሰለህ? ቀድቼ ስጨርስ ለራሴ «ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?» አልኩ።

ናሁሠናይ፦ ታዲያ ገርሞዎት ለምን አልጠየቁም?

ትርንጎ፦ ማንን? የምቀዳበትን ቁምሳጥን?

ናሁሠናይ፦ እኔን! ስልክ አለ፣ የቴሌግራም ግሩፕ አለ።

ትርንጎ፦ ግሩፑ ላይ ያ ቢጫ ፊት እንጂ ሰው አላየሁም። አንዱ እንባው እስኪወርድ ይስቃል፣ አንዱ እጁን ያጋጥማል። በምን እንደሚስቅ አይታወቅ! ድሮ እዚያ ስቱዲዮ ጠረጴዛ ዙሪያ ስንቀመጥ ማን በማን እንደሳቀ አውቅ ነበር። ቤቴ ስገባም ተናድጄ እገባ ነበር፤ ደስ ይል ነበር።

ናሁሠናይ፦ እትዬ፣ ይኼን ተነጋግረን ጨርሰናል። ከወር ወዲህ አሠራሩ ተቀይሯል። ሰኞና ሐሙስ ስቱዲዮ፣ ሌላው ቀን ከቤት። ሃይብሪድ ይባላል።

ትርንጎ፦ ሃይብሪድ እኔ የማውቀው በቆሎ ነው። እሱም በየዓመቱ አዲስ ዘር ካላመጡለት ተመልሶ ለዘር አይሆንም።

ናሁሠናይ፦ እሱ ሌላ፣ ይኼ ሌላ። ሥልጠናው ላይ አሠልጣኙ ምን እንዳለን ያውቃሉ? «የፈጠራ ሰው አይታጠርም። ሰብስባችሁ አታጨናንቁት፣ ካለበት ሆኖ ይሥራ» አለን።

ትርንጎ፦ ይኼን የነገራችሁ እሱስ ካለበት ሆኖ ነው?

ናሁሠናይ፦ አ… አይ። ቢሾፍቱ ሰብስቦን ነው። ሦስት ቀን።

ትርንጎ፦ እህ።

ናሁሠናይ፦ እሱ ሥልጠና ስለሆነ ነው! ደግሞም ጭራሽ ተለያይተን አልቀረንም። ሰኞና ሐሙስ እንገናኝ የለም እንዴ?

ትርንጎ፦ ማን ከማን? እኔን በሦስት ሰዓት ትጠራኛለህ፣ ኤፍራታን በአራት። እኔ ስወጣ እሷ ስትገባ በር ላይ ጉንጯን ስሜ እሄዳለሁ። እሷ ምራቴ፣ እኔ አማቷ! አራት ዓመት አንድ ማይክ ላይ ስንናከስ ኖረን አሁን እንደ ለቅሶ ደራሽ ደጅ ላይ ተላለፍን።

ናሁሠናይ፦ ሰዓት እንዳይባክን ብዬ ነው በተራ በተራ ያደረግኩት።

ትርንጎ፦ አልባከነም። ሰዓቱ እንዳለ ተቀምጧል። ድራማው ነው የባከነው።

ናሁሠናይ፦ ድራማውን ያባከነው ማን እንደሆነ ልንገርዎት? እርስዎ እዚህ ሆነው «አይዞሽ ልጄ» ብለው ቀዱ። ኤፍራታ ደግሞ ቤቷ ሆና፣ ጽሑፉ እንደሚለው፣ «ምን በድዬዎት ነው እንዲህ የሚያዋርዱኝ!» ብላ እየጮኸች ቀዳች። ሁለቱን ስገጣጥመው አማት ትመርቃለች፣ ምራት ትጮኻለች።

ትርንጎ፦ እና እንዲሁ አሰማኸው?

ናሁሠናይ፦ የመጀመሪያውን ክፍል ከአምናው ቅጂ «ውጪ ከዚህ!» የምትለዋን ቆርጬ ለጠፍኩበት። ሁለተኛው ላይ የምለጥፈው አጣሁ፤ እንዳለ ሄደ። ይኼ አሁን የሰማነው ሦስተኛው ነው። አድማጭ ደውሎ ምን አለ መሰለዎት? «ብርቄን ሐኪም አሳይዋት፣ ልጅቷ ጤና የላትም» አለ።

ትርንጎ፦ ወይኔ ኤፍራታ! እኔንስ?

ናሁሠናይ፦ ይቅርብዎት።

ትርንጎ፦ ተናገር።

ናሁሠናይ፦ «ሙላቷ አርጅታለች። መርዟ አልቋል።»

ትርንጎ፦ ማነው ያለው? ስሙን ንገረኝ፣ ቁጥሩንም ስጠኝ።

ናሁሠናይ፦ አንድ ሰው አይደለም፣ እትዬ። ጣቢያውም እንደዚያው ነው ያለው። ለዚህ ነው ዛሬ እኔው ራሴ የመጣሁት። የሚቀጥለውን ክፍል እዚሁ ቆሜ አስቀድቼዎት ልሂድ። ሰኞ ማታ የላክሁልዎትን።

ትርንጎ፦ እሱንማ ተዘጋጅቼበታለሁ። አንጀት የሚበላ ነው። ልበልልህ?

ናሁሠናይ፦ በቃልዎ ይዘውታል?

ትርንጎ፦ በቃሌ ያልያዝኩት መቼ ነው? ስማ። «በሉ እንግዲህ ልጆቼ፣ እኔ መንገዴን ልሂድ። ጠበሉ ዘንድ ሁለት ሱባዔ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ሲጠና እመለሳለሁ። ብርቄ፣ እስከዚያው ቤቱን አደራ። የጓዳው ቁልፍ ይኸው።» እዚህ ላይ ትንሽ አሳልኩ፤ ሳሉ የኔ ጭማሪ ነው።

ናሁሠናይ፦ የምን ጠበል?

ትርንጎ፦ የት እንደሆነ አይልም።

ናሁሠናይ፦ እትዬ፣ ጠበል የሚባል ነገር የለም!

ትርንጎ፦ አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ!

ናሁሠናይ፦ ጽሑፉ ውስጥ ማለቴ ነው! ማንም የትም አይሄድም። ሙላቷ አልጋ ላይ ናት።

ትርንጎ፦ ታማ?

ናሁሠናይ፦ አዎ…

ትርንጎ፦ ጠናባት?

ናሁሠናይ፦ ትሞታለች፣ እትዬ ትርንጎ። የዛሬው የሞቷ ክፍል ነው። ሳምንት ቀብሯ ነው።

ትርንጎ፦ ቀብሯ።

ናሁሠናይ፦ ጣቢያው ነው የወሰነው። ክፉ ካልሆነች ምን ትሠራለች አሉ።

ትርንጎ፦ እኔስ?

ናሁሠናይ፦ እርስዎንማ በክብር እንሸኝዎታለን። አራት ዓመት ያገለገሉ ተብሎ የምስጋና ወረቀት—

ትርንጎ፦ ቆይ፣ ቆይ። ብርቱካኑን የያዝከው ለዚህ ነው? እኔኮ በሩን ስከፍትልህ «ምን ታመምኩና ነው ፍራፍሬ የገዛው?» አልኩ በልቤ! ለካስ ሞቻለሁ።

ናሁሠናይ፦ ባዶ እጄን ላለመምጣት ነው።

ትርንጎ፦ ኤፍራታም ትናንት ደውላ «እትዬ፣ በጣም ነው የምወድዎት» አለችኝ። ቀምሳ ይሆናል ብዬ ዘጋሁባት።

ናሁሠናይ፦ ሁሉም ያውቃል፣ እትዬ። ሰኞ ማታ ነው የላክሁት። እርስዎም አይተው አውራ ጣት አድርገውበታል። ይኸው፣ «ትርንጎ»፣ አውራ ጣት። ካነበቡት እንዴት ጠበል ሆነ?

ትርንጎ፦ አየህ፣ እኔ ገበያ ቲማቲም ስሸጥ ነው ከአንተ በፊት የነበረው አዘጋጅ ያገኘኝ። ከአንዷ ጋር ተጣልቼ አፌን ከፍቻለሁ። እሱ ቆሞ ሰማኝ፣ ሰማኝ፣ ከዚያ «እማማ፣ ይኼን አፍ ለሬዲዮ ይስጡኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ ሙላቷ ነኝ። ታክሲ ውስጥ ድምፄን ሲሰሙ ሴቶች ቦርሳቸውን ያቅፋሉ። ሥጋ ቤት ስሄድ ሻጩ አጥንት የማያበዛብኝ ፈርቶኝ ነው። እሷን ገድለህ እኔን ወዴት ነው የምትሸኘኝ? ወደ ቲማቲሙ?

ናሁሠናይ፦ ጥያቄዬን አልመለሱም።

ትርንጎ፦ የትኛውን?

ናሁሠናይ፦ ጽሑፉን አንብበውታል ወይስ አላነበቡትም?

ትርንጎ፦ ስልኬ ቻርጅ አይዝም።

ናሁሠናይ፦ የኔ ሙሉ ነው። ይኸው። የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ ያንብቡልኝ።

ትርንጎ፦ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል።

ናሁሠናይ፦ አሰፋሁልዎት።

ትርንጎ፦ ይኼ የጎረቤት ወፍጮ ቤት ደግሞ ሲያጓራ ዓይኔንም ያጠፋዋል።

ናሁሠናይ፦ ወፍጮው ቆሟል፣ እትዬ።

ትርንጎ፦ ቆሟል? አዎ፣ ስምንት ሰዓት ሆኗላ። ባለወፍጮው ለኔ ብሎ ያቆምልኛል። «ሙላቷ ልትቀዳ ነው» ብሎ ሰልፈኛውን ዝም ያሰኝልኛል። ጥሩ ሰው ነው።

ናሁሠናይ፦ እኮ ጸጥ ብሏል። ያንብቡ።

ትርንጎ፦ ናሁሠናይ።

ናሁሠናይ፦ አቤት።

ትርንጎ፦ አውራ ጣት ምን ማለት ይመስልሃል?

ናሁሠናይ፦ እሺ ማለት ነው። አየሁት ማለት።

ትርንጎ፦ እዚህ ቀበሌ ስትሄድ፣ ጸሐፊው ቀለም አስነክሮ፣ እጁን ይዞ ወረቀቱ ላይ አውራ ጣቱን የሚያስጫነው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ናሁሠናይ፦ ያልተ… እትዬ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ ወር ሙሉ ስፈርምልህ ከረምኩ። ያላነበብከው አንተ ነህ።

ናሁሠናይ፦ እኔ… አላወቅሁም። እግዜር ያውቃል አላወቅሁም። ይኼን ያህል ጊዜ አብረን ስንሠራ ወረቀት ይዘው አይዎት አልነበር?

ትርንጎ፦ መያዝማ እይዛለሁ። ሦስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ስሜን እጽፋለሁ፣ የአውቶቡስ ታፔላ ቀስ ብዬ እለቅማለሁ። እንዲህ ተደርድሮ ሲመጣ ግን አብሬው አልሮጥም። በደጉ ጊዜ እናንተ ክብ ሠርታችሁ ትቀመጡና ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ጮክ ተብሎ ይነበባል። የኔ ተራ ሲደርስ «መነጽሬን ረስቼ፣ ኤፍራታ ለኔም በይልኝ» እላለሁ። አንዴ ከሰማሁ በቃኝ። የሁላችሁም ወረቀት ሲንኮሻኮሽ እኔም የኔን እገለብጣለሁ።

ናሁሠናይ፦ አራት ዓመት በየሳምንቱ መነጽርዎን እንደረሱ?

ትርንጎ፦ መነጽር የለኝም።

ናሁሠናይ፦ አምላኬ! እኔኮ ለልደትዎ የመነጽር ማንጠልጠያ ገዛሁልዎት!

ትርንጎ፦ አመሰግናለሁ። ቁልፌን አንጠልጥዬበታለሁ።

ናሁሠናይ፦ እና ከወር ወዲህ ማነው የሚያነብልዎት?

ትርንጎ፦ ጎረቤቴ ጋሽ መንበሩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እኔ ቁምሳጥን ውስጥ እገባለሁ፣ ብርድ ልብሱን እከናነባለሁ፣ እሳቸው ከውጪ ቆመው አንድ ጊዜ ያነቡልኛል፣ እቀዳለሁ። ምን የመሰለ አንባቢ መሰሉህ! ድምፃቸው ሲያምር።

ናሁሠናይ፦ ይቆዩ። ይቺን ይስሙ፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ውጪ ከዚህ! አንቺ የረገጥሽው ወለል ቢታጠብ አይጠራም፣ ቆፍሬ ነው የማስወጣው!»

ትርንጎ፦ …ድገመው።

ናሁሠናይ፦ «አንቺ የረገጥሽው ወለል ቢታጠብ አይጠራም፣ ቆፍሬ ነው የማስወጣው!»

ትርንጎ፦ ይቺ የኔ ነበረች?

ናሁሠናይ፦ የርስዎ ነበረች። ጋሽ መንበሩ ምን ብለው አነበቡልዎት?

ትርንጎ፦ «ልጄ፣ እግርሽን ጠርገሽ ግቢ።»

ናሁሠናይ፦ የምን መምህር ነበሩ ያሉኝ?

ትርንጎ፦ የግብረገብ።

ናሁሠናይ፦ በቃ። ገባኝ።

ትርንጎ፦ ሠላሳ ዓመት ልጅ በመልካም ጠባይ ሲቀጡ የኖሩ ሰው፣ ስድብ ላይ ሲደርሱ ሳል ይይዛቸዋል። እኔ እኮ ማስረሻ ነው የለዘበ ብዬ ደራሲያችንን ሳማው ከረምኩ! «አግብቶ ይሆናል» አልኩ። እንዲህ የመሰለች ስድብ! ቆፍሬ ነው የማስወጣው! ጋሽ መንበሩ፣ ምነው ምነው!

ናሁሠናይ፦ ሞቷንም ወደ ጠበል ቀየሯት።

ትርንጎ፦ እሱን ሲያነቡልኝ እኮ… አዎ። «ትርንጎ፣ ይኼ ትንሽ ከበድ ይላል» አሉኝ። ከዚያ ጠበል አሉኝ። ልቤን እንዳይሰብሩት ብለው ይሆናል። ግብረገብ!

ናሁሠናይ፦ እትዬ፣ ለምን አልነገሩኝም? አንድ ቃል ቢተነፍሱ በድምፅ እልክልዎት ነበር።

ትርንጎ፦ አንተ ፊት? ከአሥራ ሁለት ሰው መሃል? እናንተ ዲግሪያችሁን እንደ ስልክ ቁጥር የምትጠራሩ! «ያቺ ገበያተኛ ማንበብም አትችልም» ልትባል? እመቤቴን አላደርገውም። ለነሱም አትነግርም። ከነገርክ ጨርሰናል።

ናሁሠናይ፦ አልናገርም።

ትርንጎ፦ ማልልኝ።

ናሁሠናይ፦ እናቴ ትሙት።

ትርንጎ፦ እናትህን ተዋት፣ ዛሬ ሞት በዝቷል። አሁን ጽሑፉን አንብብልኝ። የሁሉንም፣ የኔን ብቻ አይደለም።

ናሁሠናይ፦ የኤፍራታን ምን ያደርግልዎታል? የርስዎን ብቻ ብናውቅ ይበቃል።

ትርንጎ፦ ማነው እንደዚያ ያለው?

ናሁሠናይ፦ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው። ጽሑፉን እልካለሁ፣ እያንዳንዱ የራሱን መስመር ፈልጎ ይቀዳል፣ እኔ እገጣጥማለሁ።

ትርንጎ፦ ኤፍራታ እኔ የምላትን አታነብም?

ናሁሠናይ፦ ብታነብ ኖሮ… አይመስለኝም።

ትርንጎ፦ ባሏ ሆኖ የሚጫወተውስ?

ናሁሠናይ፦ እሱ የሱ መስመር ያለበትን ገጽ ብቻ ነው የሚከፍተው። ባለፈው ልጅ መውለዱን የሰማው ከአድማጭ ነው።

ትርንጎ፦ እና ሁላቸውም አውራ ጣት ያደርጋሉ?

ናሁሠናይ፦ ሁላቸውም።

ትርንጎ፦ ታዲያ ማንበብ የማልችለው እኔ ብቻ ነኝ? አንብብ፣ አንብብ። ስምንት ተኩል ሲሆን ወፍጮው ይነሳል።

ናሁሠናይ፦ እሺ። ሙላቷ ተኝታለች። ብርቄ ትገባለች። ብርቄ፦ «እማማ፣ ውኃ ላምጣልዎት?» ሙላቷ፦ «ተይው ልጄ። ያስቀየምኩሽን ሁሉ ይቅር በይኝ። የጓዳው ቁልፍ ይኸው፣ ከእንግዲህ ቤቱ ያንቺ ነው።» ትተነፍሳለች። ዝም። ብርቄ ታለቅሳለች፦ «እማማ! እማማ!» አለቀ።

ትርንጎ፦ አለቀ?

ናሁሠናይ፦ አለቀ።

ትርንጎ፦ ይኼን ማስረሻ ነው የጻፈው ወይስ ጋሽ መንበሩ?

ናሁሠናይ፦ ማስረሻ ነው። ቤቱ ሆኖ።

ትርንጎ፦ ያስታውቃል። ጠረጴዛው ላይ ቢሆን ኤፍራታ ትስቅበት ነበር። ልቅሶዋን መቼ ነው የምትቀዳው?

ናሁሠናይ፦ ትናንት ቀድታ ልካለች። ጥሩ ልቅሶ ነው።

ትርንጎ፦ ማንን እያየች አለቀሰች?

ናሁሠናይ፦ ስልኩን።

ትርንጎ፦ እኔ ሳልሞት ተለቅሶልኝ አለቀ። ደህና። ና ወዲህ።

ናሁሠናይ፦ የት?

ትርንጎ፦ ቁምሳጥኑ ዘንድ። እኔ እዚህ ኮቶቹ ሥር እቀመጣለሁ። ብርድ ልብሱን ከላይ ያዝልኝ፣ ስልክህን ከፍተህ መቅዳት ጀምር። አንተ ብርቄን ሁን።

ናሁሠናይ፦ እኔ አልተውንም። እኔ አዘጋጅ ነኝ።

ትርንጎ፦ አዘጋጅ ከሆንክ ተዘጋጅ። በል።

ናሁሠናይ፦ «እማማ፣ ውኃ ላምጣልዎት?»

ትርንጎ፦ አስተናጋጅ ነህ? አማትህ ልትሞት ነው። አራት ዓመት አቃጥላሃለች። ደስ ብሎሃል፣ ደስ ስላለህ ደግሞ አፍረሃል። እንደዚያ ሆነህ ውኃ ጠይቀኝ።

ናሁሠናይ፦ «እማማ… ውኃ ላምጣልዎት?»

ትርንጎ፦ «ከየትኛው ጀሪካን?»

ናሁሠናይ፦ ይኼ ጽሑፉ ላይ የለም።

ትርንጎ፦ አሁን የለም። መልስልኝ።

ናሁሠናይ፦ «ከ… ከሰማያዊው።»

ትርንጎ፦ «ሰማያዊው የእጅ መታጠቢያ ነው። ልሞት ስል እንኳ የእጅ እጣቢ ታጠጪኝ?»

ናሁሠናይ፦ «ሰማያዊውን ለእጅ ያደረጉት ትናንት ነው እኮ፣ እማማ! እስከ ትናንት የመጠጥ ነበር! በየቀኑ ሲቀያይሩት እኔ ምኑን ልወቅ?»

ትርንጎ፦ «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ታማሚ አለ።»

ናሁሠናይ፦ «ታማሚዋማ እርስዎ ነዎት!»

ትርንጎ፦ «አሁን ገና አወቅሽው? ሦስት ቀን ተኝቼ?»

ናሁሠናይ፦ «ሦስት ቀን ያገላበጥኩዎት እኔ ነኝ! ልጅዎ አንዴ በሩን ከፍቶ አይቶዎታል?»

ትርንጎ፦ «…እሱን ተይው።»

ናሁሠናይ፦ «አልተውም! አራት ዓመት ተውኩ! ወይ ይዳኑ ወይ ቁልፉን ይስጡኝና ልረፍ!»

ትርንጎ፦ «ቁልፉን? ነይ… ቅረቢኝ። ቅረቢ ልጄ። ትራሱን ከፍ አድርጊው።»

ናሁሠናይ፦ «እሺ።»

ትርንጎ፦ «አለ?»

ናሁሠናይ፦ «የለም።»

ትርንጎ፦ «የለም። ስተኛ ትራሴን ስትዳብሺ ነበር፣ አይቼሻለሁ። አንገቴ ላይ ነው። ቁልፉን የፈለገ እኔን ያስታምም።»

ናሁሠናይ፦ «…ከቢጫው ጀሪካን ላምጣልዎት?»

ትርንጎ፦ «ከቢጫው። ስኳር ጣል አድርጊበት።» ብርቄ እዚህ ላይ በሩን ወርውራ ትወጣለች።

ናሁሠናይ፦ ይኼን ማን ጻፈው? ጀሪካኑን፣ ትራሱን?

ትርንጎ፦ እኔና አንተ ነና፣ አሁን። አንተ «ልጅዎ አይቶዎታል?» ባትለኝ ትራሱን ከየት አመጣው ነበር? ይልቅ አንተ ደህና ምራት ይወጣሃል። አሳዝነኸኛል።

ናሁሠናይ፦ ከወር ወዲህ እንዲህ ሠርቼ አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ስቆርጥና ስለጥፍ ነው የማድረው።

ትርንጎ፦ ሥራህ መለጠፍ ሆኗላ።

ናሁሠናይ፦ ግን እኮ እትዬ፣ ወደ ድሮው መመለስ አንችልም። ስቱዲዮው የተፈቀደልን ሁለት ቀን ነው፣ በተራ እንኳ ቀድተን አንጨርስም።

ትርንጎ፦ ማነው እዚያ ቅዱ ያላችሁ?

ናሁሠናይ፦ ስቱዲዮ ለምን ይሆናል ታዲያ?

ትርንጎ፦ ለመቅዳትማ ቁምሳጥን አለኝ። ወፍጮው ያቆምልኛል፣ ብርድ ልብሴ ወፍራም ነው፣ ከስቱዲዮህ በምን አንሶ? እኔ ቤት መሥራቱን ጠላሁ አላልኩም፤ በዚህ ጉልበት ሁለት ታክሲ ከመቀያየር ገላገልከኝ። ቁምሳጥኑ የማይችለው አንድ ነገር ነው፤ አይመልስልኝም። ስሳደብ ዝም፣ ስመርቅ ዝም።

ናሁሠናይ፦ እና ምን ይደረግ?

ትርንጎ፦ የገለበጥከውን አቃናው። አብረን መሆን ያለብን ስናነብ ነው፣ አንተ ለየብቻ አደረግከው። ለየብቻ መሆን የምንችለው ስንቀዳ ነው፣ አንተ ለዚህ ሰዓት አከፋፍለህ በር ላይ ታሰልፈናለህ። ሰኞ ሁሉም ይምጣ፣ ማስረሻም ይምጣ፣ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጥ። ጮክ ተብሎ ይነበብ። እንሳቅበት፣ እንጣላበት። ከዚያ በየቁምሳጥናችን እንግባ።

ናሁሠናይ፦ ሐሙስስ?

ትርንጎ፦ ሐሙስ የተበላሸውን አብረን እንጠግናለን። አንተ ብቻህን ሌሊት አትለጥፍም።

ናሁሠናይ፦ ለምን እንደቀየርኩት ቢጠይቁኝስ? ስለርስዎ አልናገርም ብያለሁ።

ትርንጎ፦ ባሏ ልጅ መውለዱን ሳያውቅ ልጁ ሊዳር ነው በላቸው። አይበቃም?

ናሁሠናይ፦ ይበቃል። አንባቢው ማን ይሁን?

ትርንጎ፦ አንተ። ማንም መነጽር ረሳሁ እንዳይል፣ ሁሉንም አንተ ታነባለህ። ዛሬ እንዳነበብክልኝ ግን አይደለም፤ ልክ በብርድ ልብሱ ሥር እንዳልከው።

ናሁሠናይ፦ ጋሽ መንበሩስ አይቀየሙም?

ትርንጎ፦ ለሳቸው እኔ አለሁ። ቤት ስቀዳ ሰላምታ ሰላምታዋን ብቻ ያንብቡልኝ፣ ስድብ አላስነካቸውም። ስማ፣ ቅጂውን አጥፍተኸው እንዳይሆን?

ናሁሠናይ፦ አላጠፋሁትም፤ ይኸው እየቆጠረ ነው። ግን እትዬ፣ ይኼ እኮ ሞቷ አይደለም። ጣቢያው የጠበቀው ሞት ነው። ቁልፉን ሰጥታ፣ ይቅርታ ጠይቃ—

ትርንጎ፦ አንተስ? ቅድም ትራሱን ስታነሳ ቁልፉ ቢኖር ደስ ይልህ ነበር?

ናሁሠናይ፦ …አይ። ነገ ምን ልታደርገኝ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት።

ትርንጎ፦ ነገ አልክ።

ናሁሠናይ፦ አልኩ?

ትርንጎ፦ አልክ። ደውልለት ለማስረሻ። ወፍጮው ሳይነሳ።

ናሁሠናይ፦ ሄሎ፣ ማስረሻ? … አዎ፣ እሷ ዘንድ ነኝ። … ስማኝ፣ የቀብሩን ክፍል መጻፍህን አቁም። … አስለቃሾቹንም አሰናብታቸው። … አዎ፣ ቀድቻለሁ፣ ግን ሞት አይደለም። … ጀሪካን ነው። … ሰኞ ስትመጣ ትሰማዋለህ፤ ሁላችሁም ትመጣላችሁ፣ በሦስት ሰዓት፣ አንድ ላይ። … እኮ፣ አልሞተችም። … ለጣቢያው ምን ምክንያት እንስጥ አልክ? …

ትርንጎ፦ ንገረዋ!

ናሁሠናይ፦ …እምቢ አለች።